ልጆቹን ማን ይጠይቅልን? ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፡- ልጆቻችን የሕይወት መንገዳቸውን ሲመርጡ የሚያማክራቸው ሰው እንዲመደብላቸው ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። ጎረቤታሞች ነን። እናንተ አራት ኪሎ ትልቁ ሕንፃ ውስጥ ናችሁ። እኔ ትንሽ ራቅ ብላ ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ኮፒና ላሚኔሽን የምሠራባት ጠባብ ቤት አለችኝ። ከሠራተኞቻችሁ አንዳንዶቹ ደንበኞቼ ናቸው፤ ደብዳቤውን በእነሱ እጅ መላክ እችል ነበር። ግን ጉዳዩ የእናንተ ብቻ ስላልሆነ ወላጅም ተማሪም ያንብበው ብዬ በግልጽ ጻፍኩት።

አብዛኛው ሥራዬ ሲቪና የሥራ ማመልከቻ ነው። አራት ኪሎ ድሮም የሥራ ፈላጊ ሰፈር ነው። ጋዜጣ ተከራይቶ፣ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ የሚያነብ ወጣት ጠፍቶ አያውቅም ነበር። አሁን ማስታወቂያው ወደ ቴሌግራም ገብቷል። ሲቪው ግን ዛሬም እኔ ጋ ይመጣል።

ሲቪ ሲጻፍ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ የምረቃ ዓመት፣ ነጥብ፣ ሁሉም ቶሎ ቶሎ ይነገረኛል። አንድ ቦታ ላይ ግን እንቆማለን። ከላይ፣ ከስምና ከአድራሻ ቀጥሎ፣ "ዓላማ" የሚል መስመር አለ። "ምን ብዬ ልጻፍ?" እላለሁ። "ጋሼ፣ ሌሎቹ እንደሚጽፉት ያድርጉት" ይሉኛል። ሌሎቹ የሚጽፉት ኮምፒውተሬ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ያለኝን ዕውቀትና ክህሎት ተጠቅሜ ለድርጅቱ ዕድገት የበኩሌን አስተዋጽኦ ማበርከት፣ ምናምን። ነርሷም፣ የሒሳብ ሠራተኛውም፣ ጂኦሎጂ ያጠናውም ይችኑ ይዘው ይሄዳሉ።

ፎርም ነው፣ ማን ያነበዋል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። በእሱ ብቻ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ግን መብራት ሲጠፋ ወይም ወረፋ ሲረዝም ወሬ ይጀመራል። ይህን ትምህርት ለምን መረጥክ፣ ለምን መረጥሽ እላለሁ። መልሶቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ። "አባቴ ነው የፈለገው።" "ጓደኞቼ ሲሞሉ ሞላሁ።" "ዲፓርትመንት ሲደለደል ደረሰኝ።" "ነጥቤ ለሌላ አልበቃም።" ወድጄው ነው የሚልም አለ። ጥቂት ነው።

አንድ ጊዜ በአካውንቲንግ የተመረቀች ልጅ ሲቪ ልታስጽፍ መጣች። ፕሪንተሬ ወረቀት ነክሶ አልለቅም ብሎ ስታገለው አይታ "ልሞክረው?" አለችኝ። ክዳኑን ከፈተች፣ ሮለሩን አወጣች፣ ጠራርጋ መለሰችው። ሠራ። የት ተማርሽው አልኳት። የትም አልተማረችም። የቤታቸውን ሬዲዮና ካውያ ስትፈታ ነው ያደገችው። እናቷ ቡና አፍልታ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ "ይቺ ደግሞ መካኒክ ልትሆን ነው እንዴ?" ተባለና ተሳቀባት። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት መፍቻ ነክታ አታውቅም። ማንም አልመታትም፣ ማንም አልከለከላትም። መሳቅ ብቻ ነው የሳቁት። ሲቪዋ ላይ ያቺው የተለመደችዋ ዓረፍተ ነገር ገባች።

ይህን ስል ማኅበረሰቡን ልከስ አይደለም የመጣሁት። ሰው ሰው የሚሆነው በሰው ነው። አፋችንን የፈታነው ሰው ሲናገር ሰምተን ነው። እድር ባይኖር ስንቶቻችን ያለ ቀባሪ በቀረን። ይሉኝታ ስንቱን እጁን ከሌብነት እንዲሰበስብ፣ ስንቱን ያረጀች እናቱን እንዲጦር አድርጓል። የሰው አስተያየት ጨርሶ የማይገደው ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ ያስፈራል እንጂ አያስቀናም። ስለዚህ "ማንንም አትስማ፣ የራስህን መንገድ ተከተል" የሚሉት የዘመኑ አነቃቂ ንግግሮች ብዙም አይዋጡልኝም። ለነገሩ እነሱም አዳራሽ ሙሉ ሰው በአንድ ድምፅ አንድ ነገር እንዲደግም ነው የሚያደርጉት።

እኔን የሚያሳስበኝ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነገር ሲናገርና ልጁ ብቻውን ሲቀር ነው።

ሰለሞን አሽ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር፤ ዋርሶ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንድ ቀላል ሙከራ ሠራ። የኮሌጅ ተማሪዎችን ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ካርድ ላይ የተሰመረ አንድ መስመር ያሳያቸዋል። ሌላ ካርድ ላይ ደግሞ ሦስት መስመሮች አሉ። ከሦስቱ የትኛው ነው ከመጀመሪያው ጋር እኩል? ሕፃን የሚመልሰው ጥያቄ ነው። ሚስጥሩ፣ ከተቀመጡት ሰዎች እውነተኛው ተፈታኝ አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ ከተመራማሪው ጋር ተነጋግረው፣ ሆን ብለው፣ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ምስኪኑ ተፈታኝ ተራው የሚደርሰው ወደ መጨረሻ ነው። ዓይኑ አንድ ነገር ያያል፣ ጆሮው ሌላ ይሰማል። ከተሰጡት መልሶች ሲሶ ገደማ ከብዙኃኑ ጋር አብረው የተሳሳቱ ሆኑ። ከአራት ተፈታኞች ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ክደው ከሰው ጋር ተስማሙ።

ሰው በራሱ አያስብም ለማለት የፈለገ ሁሉ ይህን ሙከራ ይጠቅሳል። ለእኔ ግን ብዙም የማይነሱት ሁለቱ ውጤቶች ይበልጣሉ። ከአራቱ አንዱ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። ይህ አንደኛው ነው። ሁለተኛው የሚገርም ነው። አሽ ከአስመሳዮቹ መካከል አንዱን ብቻ እውነቱን እንዲናገር ሲያደርግ፣ ተፈታኙ ከብዙኃኑ ጋር የሚሳሳትበት መጠን ከቀድሞው ወደ ሩቡ ገደማ ወረደ። ያ ሰው ተፈታኙን አልመከረውም፣ አላበረታታውም፣ እጁንም አልያዘውም። ያየውን ተናገረ፣ በቃ።

እስቲ ያን የቡና ቀን አስቡት። ከጎረቤቶቹ አንዷ "ተዉአት እንጂ፣ እጇ እኮ ጎበዝ ነው" ብትል ኖሮ።

ወደ ሰፈራችን ስናመጣው ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የአሽ ተማሪዎች መስመሩን ቢያንስ በዓይናቸው ያዩታል። የ16 ዓመት ልጅ የሚበጀውን ሙያ በምኑ ይየው? ገና አልሞከረውማ። ስለዚህ የሰው ድምፅ ይበልጥ ይጫነዋል።

ድምፁ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። አንድ ሰሞን ሐኪም ያልሆነ እንደ ሰው አይቆጠርም ነበር። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማሩ የሚለው አሠራር መጣ። ሀገሪቱ መንገድና ሕንፃ እየሠራች ስለነበር ምክንያት ነበረው። ሰፈሩም ወዲያው "ኢንጂነር" ማለት ጀመረ። ሲቪል ኢንጂነሪንግ የገባ ልጅ ያላት እናት እድር ላይ ወንበር ይለቀቅላት ነበር ብል ማጋነን ነው፤ ግን ብዙ አላጋነንኩም። ኋላ ሥራ እንደታሰበው አልተገኘም። ዲግሪ ይዘው ኮብልስቶን ጠረባ የገቡ ልጆች መቀለጃ ሆኑ። በዚያ ድንጋይ ታናናሾቻቸውን ያስተማሩ አውቃለሁ፤ ድንጋዩ አልከበዳቸውም ነበር። የጎረቤት ዓይን ነው የከበዳቸው። ዛሬ ደግሞ ድምፁ "ውጭ ውጣ" ሆኗል። ለታናናሾቹ ቲክቶክ ነው። የሚባለው ነገር በየጊዜው ይቀያየራል፣ ልጁ ግን ዛሬም አይጠየቅም።

ወላጅን መውቀስ ቀላል ነው። እኔም ወላጅ ነኝና አልወቅስም። እኛ ሀገር ለብዙ ቤተሰብ ጡረታው ልጅ ነው። ጉሊት ቸርችሮ፣ ቀን ሥራ ሠርቶ ያሳደገ ሰው ሲያረጅ የሚያየው ልጁን ነው። ልጁ "ሥዕል ልማር" ሲለው አባት የሚሰማው የቤት ኪራይ ነው። ይህ ሞኝነት አይመስለኝም፣ ስሌት ነው። ችግሩ ስሌቱ የሚሠራው ባረጀ መረጃ መሆኑ ነው። አባት የሚያውቀው እሱ ወጣት ሳለ የነበረውን ገበያ ነው፣ ልጁ የሚያውቀው ስልኩ ላይ ያየውን። ሁለቱ እራት ላይ ይከራከራሉ። ገበያውንም ልጁንም የሚያውቅ ሦስተኛ ሰው በመካከላቸው የለም። ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ድምፁ ጮክ ያለው ነው። አንዳንድ ቤት ደግሞ በሩን ደብድቦ የወጣው።

ከአራት ኪሎ በቤተ መንግሥቱ በኩል ወረድ ስትሉ አፍሪካ አዳራሽ አለ። እዚያ ያለውን፣ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን ዝነኛ የመስታወት ሥዕል የሠሩት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1947 ገና ልጅ ሳሉ ወደ እንግሊዝ ሀገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠኑ ነበር። ከጣሊያን ወረራ ገና የወጣች ሀገር መሐንዲስ ያስፈልጋታል፤ የላኳቸው ሰዎች አልተሳሳቱም። እዚያ ያገኟቸው መምህራን ግን የእጃቸውን ሥራ አዩና ወደ ሥነ ጥበብ እንዲሄዱ ገፋፏቸው። ለንደን ውስጥ ሥነ ጥበብ ተማሩ። ማዕድን ቢያጠኑ ኖሮ ጥሩ መሐንዲስ ይወጣቸው ነበር ይሆናል። ግን በሰዓቱ "ይሄ ልጅ ሌላ ነገር አለው" የሚል ሰው አገኙ።

ይህን ታሪክ ሳነሳ አንድ ነገር እፈራለሁ። ወጣቶች ዓላማ ሲባል ሎሬት መሆን ይመስላቸዋል። አብዛኛው ሰው ሎሬት አይሆንም። ለብዙ ሰው ሥራ የእንጀራ ማግኛ ነው፤ የሕይወቱ ትርጉም ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ላይ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም መስጊዱ ላይ። ሰፈራችን ውስጥ በአዘቦት ቀን ጥበቃ ሆኖ የሚሠራ፣ ቅዳሜና እሑድ ግን የሰፈር ሕፃናትን ኳስ የሚያሠለጥን ሰው አለ። ስለ ሥራው ጠይቁት፣ በሁለት ቃል ይጨርስላችኋል። ስለ ልጆቹ ጠይቁት፣ ማኪያቷችሁ ይቀዘቅዛል። ይህን ሰው ዓላማ የለውም የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ስለዚህ ሁሉም የሚወደውን ሥራ ብቻ ይሥራ የሚል ነገር አልወጣኝም። ልጁ ከመምረጡ በፊት አንድ ጊዜ እንኳን በቁም ነገር ይጠየቅ ነው የምለው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ስታደርጉ ከደገፉት ነኝ። ኩረጃው ቅጥ አጥቶ ነበር። ውጤቱን ግን ሁላችንም አየነው። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። እየተሻሻለ ነው፣ እሰየው። ቢሆንም ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ከመስመሩ በታች ናቸው። እነዚህ ልጆች 12 ዓመት ሙሉ ሲነገራቸው የኖረው አንድ በር ብቻ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ። ሬሜዲያል ለተወሰኑት ተስፋ ሰጥቷል። የቀሩትስ? ውጤት በተለቀቀ ሰሞን ያለፈ ልጅ ውጤቱን ሊያስወጣ ከነቤተሰቡ ይመጣል። ያላለፈው ብቻውን ይመጣል፣ ወይም ጭራሽ አይመጣም። እናንተ የለካችሁት የትምህርቱን ጥራት ነው። ልጁ ግን ራሱን የሚያይበት ሌላ ነገር ስላልሰጠነው የተለካው እሱነቱ ይመስለዋል።

ምን ይደረግ? እኔ ኮፒ አንሺ ነኝ፣ ፖሊሲ አላወጣም። የማየውን ግን ልንገራችሁ። በሳይኮሎጂ የተመረቁ ልጆች ሲቪ አስጽፈው የሚያመለክቱት ባንክ ገንዘብ ከፋይ ለመሆን ነው። ከኋላቸው ደግሞ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ቆመው "ጋሼ፣ ናቹራል ይሻላል ሶሻል?" ብለው ይጠይቁኛል። እኔን! ላሚኔሽን እየሠራሁ። የሚያማክረው ያጣ ልጅና የሚያማክረው ልጅ ያጣ ባለሙያ እኔ ቤት አንድ ወረፋ ላይ ይቆማሉ። ሳይተዋወቁ ይሄዳሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሥራው ማማከር ብቻ የሆነ ባለሙያ ይመደብ የሚል ነው። የምክር አገልግሎት የሚል ታፔላ ያለባቸው ትምህርት ቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ከሰማሁት ግን አንዳንድ ቦታ ባለሙያው አርፋጅ ሲመዘግብ፣ ዩኒፎርም ሲቆጣጠር፣ የቀረ መምህር ሲተካ ይውላል። ጠዋት በር ላይ ላንበረከከው ሰው ከሰዓት በኋላ ልቡን የሚከፍት ልጅ የለም። ባለሙያው ልጁን "እንዲህ ሁን" እንዲለውም አልፈልግም። ያን የሚሉት ሞልተዋል። ምን ስትሠራ ነው ሰዓቱ ሳታውቀው የሚሄደው? ምንድነው ቶሎ የሚያሰለችህ? ቤተሰብህ ካንተ ምን ይጠብቃል፣ ከዚያ ውስጥ የቱን ትቀበለዋለህ? ይህን ትምህርት የጨረሱ ልጆች አሁን የት ናቸው? እንዲህ እንዲህ እያለ ያውራው። ከዚያ ወላጅ ይጠራ። ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ነው። ልጅህ በዚህ ነገር ጎበዝ ነው ለመባል አንድ ጊዜ ቢጠራ መጀመሪያ ደንግጦ ነው የሚመጣው። ግን ይመጣል።

ሁለተኛው፣ ልጆቹ ሥራን በዓይናቸው ይዩ። 11ኛ ክፍል ላይ ተፈጥሮ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ ተብለው ሲለያዩ አብዛኞቹ ከመምህር፣ ከሐኪምና ከባለሱቅ ሌላ ሥራውን የሚያውቁት ሰው የለም። ከአራት ኪሎ ተነስታችሁ በእግር ብቻ ምን ምን እንዳለ ቁጠሩ። ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አለ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት፣ የካቲት 12 ሆስፒታል፣ ፓርላማው ራሱ። ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ብትለዋወጥም ወርቅ ሠሪ አልጠፋባትም። የ10ኛ ክፍል ተማሪ በዓመት ጥቂት ቀን ከእነዚህ በአንዱ ሄዶ ቢያይ፣ ቢጠርግ፣ ቢላላክ፣ ቢጠይቅ ምን ይጎዳል? የታክሲ እንኳን አያስወጣም።

ነገሩ ለሀገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርደው ያገለግሉ ነበር። አብዛኞቹ የሄዱት መምህር ሆነው ነው። ሁሉም ወዶ አልሄደም፣ ያጉረመረመም ነበር። ዛሬ ፀጉራቸው ሸብቶ ሰነድ ሊያስጽፉ የሚመጡ የዚያ ዘመን ሰዎች አሉኝ። የክፍል ትምህርታቸውን ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም። የሚያወሩኝ ስለዚያች ዓመት ነው፤ ስለ ወረዱበት ከተማ፣ ስላስተማሩት ልጅ። ሰው ለምን እንደሚሆን ቁጭ ብሎ በማሰብ ብቻ አይደርስበትም። ነክቶ ሞክሮ ነው፣ አንዳንዴም ጠልቶ። 10ኛ ክፍል ላይ መጥላት ደግሞ ከዲግሪ በኋላ ከመጥላት በብዙ ይረክሳል።

ሦስተኛው አጭር ነው። ቴክኒክና ሙያ ያላለፉት የሚጣሉበት ተደርጎ መነገሩ ይቅር። ፕሪንተሬን ያዳነችልኝ ልጅ ነጥቧ ዩኒቨርሲቲ አስገብቷት ሳለ "አይ፣ ቴክኒክ ነው የምገባው" ብትል ሰፈሩ አበደች ይላት ነበር። በየዓመቱ ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን በቴሌቪዥን ትሸልማላችሁ። ሙያን መርጠው፣ ፈልገው የገቡትንም አብራችሁ መድረክ ላይ አውጧቸው። ሰፈሩ ቴሌቪዥን ያያል።

በጀት የለም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሁሉንም ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት አላልኩም። እዚሁ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ዙሪያ ካሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥቂቱን ምረጡ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው። የሳይኮሎጂ ተማሪዎቹ ለልምምድ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ቢመደቡ፣ መምህሮቻቸው እየተቆጣጠሯቸው፣ ከሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ በፊት ሥራው ሊጀመር ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከእናንተ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚሄድ አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊ ካጠራችሁ እኔ በነፃ እጽፈዋለሁ። ማህተሙ ብቻ ከእናንተ።

ከሰላምታ ጋር
አራት ኪሎ የሚሠራ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ኮፒ ባለሙያ

ግልባጭ፡-
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
ለየትምህርት ቤቱ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት
የ10ኛ ክፍል ልጅ ላላችሁ ቤተሰቦች በሙሉ